ከበሮው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ

«አንተ ነህ የምታነበው» አሉ ጋሼ በኃይሉ፣ ወረቀቱን ሮብሳን እጅ ላይ እያስቀመጡ። «ጓደኛው ነበርክ። ሮብሳን ሲያነብ ሰው ዝም ይላል እያለ ያወራልኝ ነበር።»

ወረቀቱ ከጽሕፈት አገልግሎት ቤቱ ገና መምጣቱ ነው። ከላይ በደማቁ «የወጣት የአብስራ በኃይሉ አጭር የሕይወት ታሪክ» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጊዜ የተነሳው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈበት። የአብስራ ያንን ፎቶ ይጠላው ነበር። ፋራ አስመስሎኛል እያለ ሁለቴ ሊቀድደው ሞክሯል። አሁን ግን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በእሱ ሊሆን ነው።

ሮብሳን ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ነቀምቴ ከተማ ተወለደ፣ ትምህርቱን ተከታተለ፣ በመዘምራን ውስጥ አገለገለ። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ መጣ። «ወጣት የአብስራ ባደረበት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ በተወለደ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።» ዓይኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና አነበበው።

«ጋሼ፣ ይህቺ ነገር…»

«የቷ?»

«በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ የምትለዋ።»

ጋሼ በኃይሉ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ተመድበው ነቀምቴ የመጡት የአብስራ ሳይወለድ ነው። ሰውን ሲያዩ እንኳ የሚለኩ ነበር የሚመስሉት። ዛሬ ዓይናቸው የትም አያርፍም።

«ጸሐፊዋ ናት» አሉ። «ኮምፒውተሯ ላይ የተዘጋጀ አለ፤ ስሙና ዘመኑ ብቻ ነው የሚቀየረው። እንዲህ ነው የሚባለው አለችኝ። እኔም ተውኩት።»

«ግን እኮ ጋሼ…»

«ሮብሳን።» ክንዱን ያዙት። «ከተጻፈው አንድ ቃል አትጨምር፤ አንድ ቃል አትቀንስ። ቃል ግባልኝ። ዛሬ ሌላ ነገር መሸከም አልችልም።»

ሮብሳን ቃል ገባ። ልጁን የሚቀብር አባት እጅህን ይዞ ሲለምንህ ምን ትላለህ?

እውነቱን ያውቀዋል። የሰፈራቸው የቡርቃ ጃቶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ቢባልም ማጋነን አይሆንም። የአብስራ ሲያንቀጠቅጠው ጤና ጣቢያ ወስደውት ነበር። ደሙን አይተው ወባ ነው ብለው ክኒን ሰጡት። የመጀመሪያውን ዋጠ። በማግስቱ ወንድም ሠርፀ መጣ። ወንድም ሠርፀ ከገበያው በታች ቤት ተከራይቶ የጸሎት ፕሮግራም የሚመራ፣ በሐሩርም በዝናብም ሱፉን የማያወልቅ ሰው ነው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር እንኳ በሽተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱ «መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሠርፀ ግን እጁን ጭኖ ላቡ እስኪንጠባጠብ ጸለየና «ተፈውሷል» አለ። ከዚህ በኋላ ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው አለ። ጋሼ በኃይሉም የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመሩት።

ሮብሳን ያን ጊዜ ለእናቱ ለድርቤ ነግሯት ነበር። ድርቤ አጥሩን ዞራ ሄዳ እናትየዋን እትዬ ሰናይትን ለመነቻቸው። «አባቱ አምኗል፤ እኔ ምን ልበል» ብለው መለሷት። በመጨረሻ የአብስራ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መቀባጠር ሲጀምር፣ እትዬ ሰናይት ባላቸውን ሳይጠይቁ ባጃጅ ጠሩ። ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ መንገድ ላይ እቅፋቸው ውስጥ አለፈ። በሕክምና ተረዳ የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ሮብሳን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከሰው ለመሸሽ ወደ ጓሮ ዞረ። እዚያ ኬኔን አገኛት። ኬኔ የየአብስራ ታናሽ እህት ናት፣ ገና አንደኛ ክፍል። ስሟን ያወጣችላት ድርቤ ናት፤ ነቀምቴ ለተወለደ ልጅ የነቀምቴ ስም ያስፈልገዋል ብላ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የአባቷን የቆዳ ጃኬት ተከናንባለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በወረቀት እያራገበ ነው። የኬኔ ጥርስ ይንገጫገጫል።

«ኬኔ፣ በረደሽ እንዴ?»

«አይ።»

ግንባሯን ነካት። እጁን ቶሎ አነሳው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትናንት። አባዬ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።» ጃኬቱን ወደ አገጯ ሳበችው። «ከቀብር ስንመለስ ወንድም ሠርፀ ይጸልይልኛል። ሮቢ፣ አንተም እንዳትናገር እሺ?»

ሮብሳን ቀጥታ ወደ ጋሼ በኃይሉ ሄደ። «ጋሼ፣ ኬኔ እሳት ሆናለች። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ብንወስዳት…»

«ስታለቅስ አድራ ነው። ሐዘን ነው» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ዛሬ አንዱን ልቅበር፣ ሮብሳን።»

ወንድም ሠርፀ ከአጠገባቸው ነበር። የሮብሳንን ትከሻ በለስላሳ ያዘ። «ወንድሜ፣ ፍርሃትን ወደዚህ ቤት አታስገባ» አለው። ሮብሳን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጋፈጥ ከብዶት ትከሻውን አላቀቀና ዞሮ ሄደ። እትዬ ሰናይት ጋ ሊገባ ሲል ደግሞ ከበዋቸው የተቀመጡት ሴቶች «አሁን ምን ልትላት ነው፣ ተዋት» ብለው መለሱት። እሳቸው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው ክፍት ነው፤ የሚያዩት ግን የለም።

እናቱን አጥሩ ጋ አገኛት።

«ሜ ቀስ በል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችው። «እኔም ልጅቷን አይቻታለሁ። ግን አባት ቆሞ የሰው ልጅ ነጥቄ ልሩጥ? ነጥቄስ ብሄድ ጤና ጣቢያ ላይ ወላጇ ነሽ ወይ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ትሙት?»

ድርቤ ነጠላዋን አስተካከለች። «ድምፅህን ቀንስ። እናትየዋ ከተነሳች እኔ አለሁ። ባጃጁን እኔ አስቆማለሁ፣ ወረፋውንም እኔ እይዛለሁ። እሷ ትነሳ ብቻ። የሚቀሰቅሳት ሰው ነው የጠፋው።»

ሮብሳን ጓሮ ካለው የብሎኬት ክምር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እጁን ኪሱ ሲከት የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ከወረቀቱ ጋር ተጠላልፎ ወጣ። ይሄ ብሎኬት የእነሱ ቦታ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው እዚህ ይቀመጡ ነበር፤ የየአብስራ በግራ፣ የሮብሳን በቀኝ ጆሮ።

ሙዚቃው እዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የየአብስራ ዘመድ ትቶት የሄደ ሚሞሪ ላይ ያለ ነው። ሁሉም ራፕ፣ ሁሉም እነሱ ከመወለዳቸው በፊት የተሠራ። የዘፋኝ ስም የለ፣ የዘፈን ርዕስ የለ፤ ትራክ ዜሮ አንድ፣ ትራክ ዜሮ ሁለት እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ለዘፋኞቹ ስም ያወጡላቸው ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። ድምፁ እንደ በርሜል የሚያስተጋባው «ወፍራሙ» ሆነ። ቃል በቃል ላይ የሚሰፋው «መርፌው» ተባለ። ሁልጊዜ ከከበሮው ትንሽ ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ «ሰነፉ» ነው።

ሮብሳን መጀመሪያ ላይ አልገባውም ነበር። «እንግሊዝኛው ይሮጥብኛል። ምን እንደሚል ሳላውቅ ምኑን ልወደው?» አለ አንድ ቀን።

«ቃሉን ለጊዜው ተወው፣ ጀለስ። አጣጣሉን ስማ» አለው የአብስራ። አጣጣል የእሱ ቃል ነበረች፤ ቃል ከአፍ ወጥቶ ከበሮው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማለት። «ወፍራሙ የት ጋ እንደሚተነፍስ ፈልግልኝ።»

ሮብሳን ደጋግሞ ሰማ። አላገኘውም።

«አየህ? ደብቆታል። ቃል ሲስብ ነው አብሮ አየር የሚስበው። እኛ ክፍል ውስጥ ስናነብ እኮ ከወንዝ እንደወጣ ውሻ ነው የምናለከልከው።»

ስለ መርፌው ሲያወራ ደግሞ ከብሎኬቱ ላይ ይነሳ ነበር። እኛ ግጥም ስንጽፍ ቤት የምንመታው መጨረሻ ላይ ነው፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣው ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ያሰንፈናል ይል ነበር። «ይሄ ግን መሀል ላይ ይመታል፣ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይመታል፣ መጨረሻ ላይ ስትጠብቀው ይሸውድሃል።» ከዚያ ራሱ በአማርኛ ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰራል። ሮብሳን በኦሮምኛ ሲሞክር ይባስ ይተሳሰራል። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ግን የሁሉም ንጉሥ ትራክ ዜሮ አራት ነበረች፣ የሰነፉ። ሰውየው አይቸኩልም። ሚኒባሱ ጥሎት እንደማይሄድ የሚያውቅ ተሳፋሪ ይመስላል። ሦስተኛው ግጥም መሀል ላይ የአንድ ሰው ስም ይጠራና ድንገት ያቆማል። ከበሮው ብቻውን ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ በዝግታ ይመለሳል።

«ስለሞተ ጓደኛው ነው የሚያወራው» አለ የአብስራ።

«እንዴት አወቅህ? ግጥሙን አየኸው?»

«አላየሁትም። ግን እዚህ ጋ መጮህ ይችል ነበር። ማልቀስም ይችል ነበር። ቦታውን ለቀቀለት እንጂ።» በጣቱ ብሎኬቱን እየመታ ከበሮውን ተከተለ። «እኔ ብሆን ፈርቼ በቃላት እሞላው ነበር። ዝም ለማለት እኮ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሮቢ።»

ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የሰሟትም እሷን ነው። የአብስራ ተኝቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ክኒኑን ያቆመው አባቱ ደስ እንዲለው ብሎ እንደሆነ ያን ቀን ነው የነገረው። ባዶው ቦታ ሲደርስ ጣቱ አንሶላው ላይ ሊመታ ሞከረ፤ አራት ላይ ሳይደርስ ደከመው። ሮብሳን ይህን ሲያስታውስ ተናደደ። በሠርፀ ብቻ አልነበረም የተናደደው፤ እሺ ብሎ በተኛው በጓደኛውም ነበር።

አስከሬኑ ሲወጣ ጥሩምባ ተነፋ። መዘምራኑ ነጭ ለብሰው ፊት ፊት ሄዱ። መቃብሩ ከመንገዱ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ለቤተሰቡ አግዳሚ ወንበር ቀረበ። ጋሼ በኃይሉና እትዬ ሰናይት ተቀመጡ። ወንድም ሠርፀ ከኋላቸው ቆመ። ኬኔ ከወንበሩ ጫፍ በተቀመጠችው ድርቤ ጉልበት ላይ ራሷን ጥላ ተደግፋለች፤ ጃኬቱ አሁንም ላይዋ ላይ ነው። ዝማሬው አለቀና ፓስተሩ ለሮብሳን ማይኩን ሰጡት።

የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰው ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው። አንባቢው ይቸኩላል፣ ሰሚው ቀድሞ ያውቀዋል፣ ስሙ ብቻ ነው አዲስ። ሮብሳን አውራ ጣቱን ወረቀቱ ጀርባ ላይ አድርጎ በቀስታ መምታት ጀመረ፤ ማንም የማይሰማው ከበሮ።

«የአብስራ» አለ፤ ጠበቀ። «በኃይሉ።»

አልቸኮለም። ትንፋሹን ቃል ሲስብ አብሮ ሳበው። ነቀምቴ ከተማ ተወለደ የሚለው፣ ሺህ ጊዜ የተሰማው አረፍተ ነገር፣ በዚህ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር መሰለ። ከኋላ የሚያንሾካሽኩት አቆሙ። አንዱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በመዘምራን ውስጥ ስላገለገለበት ጊዜ ሲያነብ ከነጭ ለባሾቹ አንዷ ፊቷን ሸፈነች። ሰው ሁሉ እየሰማው ነበር። እትዬ ሰናይት ብቻ መሬት መሬት እያዩ ነው።

የመጨረሻው አንቀጽ ጋ ደረሰ።

«ወጣት የአብስራ ባደረበት ሕመም ምክንያት» አለና አቆመ።

ቀጣዩ ቃል ወረቀቱ ላይ አለ። ሮብሳን አፉን ዘጋ። አውራ ጣቱ መምታቱን ቀጠለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

እዚያ ከቆመው ሰው ውስጥ ቀጣዩን ቃል የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም በየልቡ ሊጨርሰው ሄደ፤ ሄዶም አልወጣ አለው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጃባዹ፣ ኢልማ ኮ፣ በርታ» አሉ፣ ልቅሶ የያዘው መስሏቸው። ፓስተሩ ወረቀቱን ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። ሮብሳን ወረቀቱን አጥብቆ ያዘ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። በቃላት ሊሞላው እየፈለገ ምላሱን ነከሰ። እንደገና አንድ፣ ሁለት።

እትዬ ሰናይት ቀና አሉ።

ዝምታው ነው ያነቃቸው፤ ንባቡንማ አልሰሙትም ነበር። ሮብሳንን አዩት። እሱ ወደ ኬኔ ተመለከተ። እሳቸውም ዓይኑን ተከትለው ዞሩ። ጃኬቱን አዩ፤ የሚንገጫገጨውን ጥርስ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ያዩ መሰሉ። ከዚያ ተነሱ።

«እህቴ፣ ቀብሩ አላለቀም» አለ ወንድም ሠርፀ፣ ከኋላቸው እጁን እየዘረጋ።

«የእሱስ አልቋል» አሉ እትዬ ሰናይት።

ኬኔን ከነጃኬቱ አቀፏት። ለሳጥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው በሰው መሀል ወደ መንገዱ ሄዱ። እናት ልጇ አፈር ሳይለብስ ከመቃብር ስትሄድ ያየ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰዉ እየተከፈለ አሳለፋቸው። ድርቤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቀድማ እየሮጠች ነበር።

ወንድም ሠርፀ ጋሼ በኃይሉን አያቸው፤ አንድ ነገር እንዲሉ። ጋሼ በኃይሉ የሚስታቸውን ጀርባ እስከ መንገዱ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሮብሳን ሊጠሯቸው ነው ብሎ ጠበቀ። አልጠሯቸውም። ወደ እሱ ዞረው፣ እሱና ፓስተሩ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ «እሱን እለፈው» አሉት።

ሮብሳን ወዲያው አልጀመረም። ከመንገዱ የባጃጅ ሞተር ተነሳ፤ ዳገቱን ሲይዝ አቃሰተ፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀው። አውራ ጣቱ አራተኛውን ሲመታ ትንፋሹን ሳበና «በተወለደ በአሥራ አምስት ዓመቱ» ብሎ ገባ።